የቀጠሮ ዋጋ፤ ከአትላንቲክ የፖስታ ውሎች ታሪክ

ጨረታ በሚከፈትበት ቀን ከሠንጠረዡ ዐምዶች ሁሉ የሰው ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በዋጋው ላይ ነው። ከማኅበራችን አባላት መካከል፥ መሐንዲስም ቢሆን የሒሳብ ሹም፥ የግዥ ኃላፊም ቢሆን አማካሪ፥ በአንድ ወቅት በጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ያልተቀመጠ ጥቂት ነው። ዋጋ በቁጥር ይጻፋል፤ ይደመራል፤ ይነጻጸራል፤ ኦዲተር በመጣ ጊዜም ያለ አስረጂ ራሱን ችሎ ይናገራል። የተጫራቹ አስተማማኝነት ግን «የሥራ ልምድ» በሚል ርእስ ሥር ጥቂት ነጥብ ተሰጥቶት በጎን ይቀመጣል። ከዚህም የተነሣ ዝቅተኛውን ዋጋ የመረጠ ኮሚቴ ሥራው ቢበላሽ እንኳ ደንቡን ጠቅሶ ይድናል፤ ከፍ ያለውን የመረጠው ግን ሥራው ቢያምርለትም «ለምን?» ከመባል አያመልጥም።

ይህ ችግር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። መንግሥታት የሕዝብን አገልግሎት በጨረታ ለግል ኩባንያዎች መስጠት ከጀመሩበት ጊዜ አንሥቶ የነበረ ነው። ከታሪኮቹ ሁሉ መርጬ የማቀርበው የአትላንቲክን ውቅያኖስ የሚያቋርጠውን የፖስታ አገልግሎት ታሪክ ነው። ይህን የመረጥሁበት ምክንያት ተጫራቾቹም፥ ያቀረቡት ዋጋም፥ ኋላ የደረሰባቸውም ነገር በግልጽ የታወቀ በመሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ከእንግሊዝ አገር ወደ ሰሜን አሜሪካ የሚላከው የመንግሥት ደብዳቤ የሚነሣው ከፋልማውዝ ወደብ ነበር። በ1823 የፖስታ መርከቦቹን የማስተዳደሩ ሥልጣን ከፖስታ ቤቱ ተወስዶ አድሚራልቲ ለሚባለው የባሕር ኃይል መሥሪያ ቤት ተሰጠ። አድሚራልቲው ደግሞ የናፖሊዮን ጦርነት ካበቃ ወዲህ ሥራ ፈትተው የቆሙ ብዙ ትናንሽ ባለ ሸራ የጦር መርከቦች ስለ ነበሩት እነርሱን ለፖስታ ሥራ አዋላቸው። መርከቡም መርከበኛውም በእጅ ያለ በመሆኑ በወረቀት ላይ ይህን የሚያህል ርካሽ ዘዴ አልነበረም። ሆኖም መርከቦቹ ለዚያ ባሕር ማዕበል የተሠሩ ስላልነበሩ ከነደብዳቤው የሰጠሙት ብዙዎች ናቸው፤ መርከበኞቹም «የሬሳ ሣጥን» የሚል ስም አወጡላቸው። በደኅና የደረሱትም ቢሆኑ መቼ እንደሚደርሱ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያው ዘመን የኒው ዮርክ ነጋዴዎች አንድ ሌላ አሳብ አመጡ። እስከዚያ ድረስ ባለ ሸራ መርከብ የሚነሣው ጭነቱ ሲሞላ ነበር። «ነገ እንነሣለን» የተባለ መንገደኛ በወደቡ ሁለትና ሦስት ሳምንት መጠበቁ የተለመደ ነው። የጭነት መኪና ሲሞላ ይነሣል ተብሎ በረንዳ ላይ ያደረ የአገራችን ነጋዴ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ብላክ ቦል የተባለው የመርከብ ድርጅት ግን መርከቦቹ በወሩ ውስጥ በታወቀ ቀን፥ ጭነት ሞላም አልሞላም፥ ከኒው ዮርክ ወደ ሊቨርፑል እንደሚነሡ በጋዜጣ አስታወቀ። ጄምስ ሞንሮ የተባለችው መርከቡም ጃንዋሪ 5 ቀን 1818 በረዶ እየወረደ፥ ሆዷ ሳይሞላ፥ በተባለው ቀን ሸራዋን ዘርግታ ሄደች። ባዶ የሄደው የጭነት ቦታ ለድርጅቱ ኪሣራ ነበር። ዳሩ ግን የጥጥ ዋጋ፥ የሐዋላ ወረቀትና የጭነት ማስታወቂያ የሚልኩት ነጋዴዎች ከፍ ያለ ዋጋ እየከፈሉ ወደ እርሱ ጐረፉ። ይህ ድርጅት የሸጠላቸው ነገር የተቈረጠ ቀን ነበር፤ ቀን ደግሞ የሚሸጠው ባዶ ቦታ ይዞ ለመሄድ ለሚደፍር ሰው ብቻ መሆኑን በሥራ አሳየ። ውሎ ሲያድር የእንግሊዝ ነጋዴዎች ራሳቸው የመንግሥታቸውን የፖስታ መርከብ ትተው ደብዳቤያቸውን በአሜሪካውያኑ መርከቦች ይልኩ ጀመር።

ሸራ ግን ነፋስን አያዝዝም። በታወቀ ቀን መነሣት ቢቻልም በታወቀ ቀን መድረስ አልተቻለም ነበርና ወደ ምዕራብ የሚደረገው ጉዞ ከአምስት ሳምንት በላይ መውሰዱ የተለመደ ነበር። ይህን የለወጠው በኤፕሪል 1838 በኒው ዮርክ ወደብ የታየው ትዕይንት ነው። ሲሪየስ የተባለችው ትንሽ የእንፋሎት መርከብ በ22ኛው ቀን ደረሰች፤ በማግሥቱ ደግሞ ዝነኛው መሐንዲስ ኢሳምባርድ ኪንግደም ብሩኔል የነደፋት ግሬት ዌስተርን ተከተለቻት። ሕዝቡ ለመጀመሪያይቱ እልል አለ። የባሕር ሥራ የሚያውቁት ሰዎች ግን ሌላ ነገር አዩ። ሲሪየስ ከአራት ቀን ቀድማ ተነሥታ በመጨረሻ የድንጋይ ከሰሏን አሟጣ ነበር የደረሰችው። ግሬት ዌስተርን ግን በ15 ቀን ተጉዛ ስትደርስ 200 ቶን ያህል የድንጋይ ከሰል በጎተራዋ ተርፎ ነበር። አገልግሎት ሰጪ የሚመርጥ ሰው የደረሰበትን ሰዓት ከማየቱ በፊት የተረፈውን ከሰል ቢጠይቅ መልካም ነው እላለሁ።

አድሚራልቲው ከዚህ በኋላ ሊዘገይ አልቻለም። በኖቬምበር 1838 በእንፋሎት መርከብ ወደ ሐሊፋክስና ወደ ኒው ዮርክ ፖስታ የሚያደርስ ተጫራች እንዲቀርብ ማስታወቂያ አወጣ። የቀረቡት ሁለት ናቸው። አንደኛው የሲሪየስ ባለቤት የሆነው የሴንት ጆርጅ ኩባንያ ሲሆን ከኮርክ ወደ ሐሊፋክስ በወር አንድ ጊዜ ለመሄድ በዓመት 45 ሺህ ፓውንድ፥ እስከ ኒው ዮርክ ለመቀጠል 65 ሺህ ፓውንድ ጠየቀ። ሁለተኛው የግሬት ዌስተርን ባለቤት ኩባንያ ነው፤ እርሱም በሦስት መርከቦች በወር አንድ ጊዜ ለመሄድ 45 ሺህ ፓውንድ አቀረበ። አድሚራልቲው ሁለቱንም ውድቅ አደረገ። ምክንያቱም ሁለቱም ሥራውን በሚፈለገው ጊዜ ለመጀመር ባለመቻላቸው ነው።

በዚህ መካከል ሳሙኤል ኩናርድ ከካናዳ ወገን ከሐሊፋክስ መጣ። ኩናርድ የጨረታውን ማስታወቂያ የሰማው ጊዜው ካለፈ በኋላ ነበር። በዚያን ጊዜ አትላንቲክን የሚያቋርጥ አንድ የእንፋሎት መርከብ እንኳ አልነበረውም። የነበረው ነገር ቢኖር በሐሊፋክስ፥ በቦስተንና በቤርሙዳ መካከል ለብዙ ዓመታት የመንግሥትን ፖስታ በባለ ሸራ መርከቦች ያለ ነቀፋ ማመላለሱ ነው። ከዚህም ሌላ በአድሚራልቲው የእንፋሎትና የፖስታ መርከቦች ጉዳይ ኃላፊ የሆነው፥ በሰሜን ዋልታ ባሕር አሰሳው የታወቀው ኤድዋርድ ፓሪ፥ በወጣትነቱ በሐሊፋክስ ሲያገለግል የተዋወቀው ወዳጁ ነበር። ኩናርድ በወር ሁለት ጊዜ ለመሄድ በዓመት 55 ሺህ ፓውንድ ጠየቀ፤ በሜይ 1839 ተፈቀደለት።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ይገባል። 45 ሺህ ፓውንድ ለአሥራ ሁለት ምልልስ ሲካፈል ለአንዱ 3 ሺህ 750 ፓውንድ ይመጣል። 55 ሺህ ፓውንድ ለሃያ አራት ሲካፈል ግን 2 ሺህ 3 መቶ ፓውንድ ያህል ነው። ስለዚህ በጠቅላላ ድምሩ ውድ የሚመስለው የኩናርድ ዋጋ በምልልስ ሲታሰብ እጅግ ርካሽ ነበር ማለት ነው። ኩናርድን «ጥራትን የመረጠ ከፍተኛ ተጫራች» አድርገው የሚያቀርቡ ጸሐፊዎች ይህን ክፍፍል ሠርተው ያዩት አይመስለኝም። ሥራው ሲጀመር ኩናርድ ራሱ ከአቅም በታች ዋጋ ያቀረበ ተጫራች ነበር።

ይህን ያወቀለት ደግሞ የግላስጎው የመርከብ ሞተር ሠሪ ሮበርት ኔፒር ነው። ኩናርድ በመጀመሪያ የተዋዋለው እያንዳንዳቸው 800 ቶን የሚመዝኑ፥ 300 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሦስት መርከቦች እንዲሠሩለት ነበር። ኔፒር ውሉን ከፈረመ በኋላ ሒሳቡን ደጋግሞ ቢያየው እንዲህ ያሉ መርከቦች በጋውን ቢዘልቁ የአትላንቲክን የብርድ ወራት እንደማይችሉ ተረዳ። ሥራውን ተቀብሎ፥ ገንዘቡን ወስዶ፥ የታዘዘውን ሠርቶ ማስረከብ ይችል ነበር፤ ሕግም አይጠይቀውም። እርሱ ግን መርከቦቹ ካልተለቁ ሥራው እንደሚከሽፍ ለኩናርድ ነገረው። ኩናርድ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ እንደሌለው በገለጠ ጊዜም ኔፒር እንደ ጆርጅ በርንስና ዴቪድ ማካይቨር ያሉትን የመርከብ ነጋዴዎች አምጥቶ በአክሲዮን አገናኘው። በመጨረሻ የተሠሩት ብሪታንያ፥ አካዲያ፥ ካሌዶኒያና ኮሎምቢያ የተባሉት አራት መርከቦች እያንዳንዳቸው ከ1 ሺህ 1 መቶ ቶን በላይ፥ ጉልበታቸውም ከ400 ፈረስ በላይ ነበር። ለሙያ ባልደረቦቼ ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ እንድመርጥ ብጠየቅ የምመርጠው ኔፒርን ነው።

የአራተኛይቱ መርከብ ነገር በተለይ ሊታይ ይገባዋል። ለምልልሱ ሦስት መርከቦች ይበቁ ነበር። አራተኛይቱ የተጨመረችው አንዲቱ ስትታደስ ወይም ስትጐዳ የተቈረጠው ቀን እንዳይፈርስ ነው። በዚህና በተጨመሩት ሌሎች ግዴታዎች ምክንያት መንግሥት በየዓመቱ የሚከፍለው ገንዘብ እያደገ ሄዶ 80 ሺህ ፓውንድ ያህል ደረሰ። ምልልሱም በብርዱ አራት ወራት በወር አንድ፥ በቀረው ስምንት ወር በወር ሁለት ሆኖ በዓመት ሃያ እንዲሆን ተወሰነ። አሁን ብናካፍለው ለአንዱ ምልልስ 4 ሺህ ፓውንድ ይደርሳል፤ ይኸውም ውድቅ ከተደረገው ከግሬት ዌስተርን ዋጋ በላይ ነው። ውሉን ያጣው ኩባንያ በዚህ አምርሮ ቢያማርር የሚያስደንቅ አይደለም፤ «በዚህ ዋጋማ እኛም በተጫረትን ነበር» ለማለት በቂ ምክንያት ነበረው። ወደዚህ ኋላ እመለስበታለሁ።

ብሪታንያ ከሊቨርፑል የመጀመሪያ ጉዞዋን ጁላይ 4 ቀን 1840 ጀመረች። መርከቦቹ ጌጥ የሌላቸው፥ ክፍላቸውም ጠባብ ነበር። ደራሲው ቻርልስ ዲክንስ በጃንዋሪ 1842 በብሪታንያ ተሳፍሮ የመኝታ ክፍሉን ጥበት በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ አስቂኝ አድርጎ ጽፎታል፤ ሲመለስም የእንፋሎቱን ነገር ትቶ በባለ ሸራ መርከብ ነው የተመለሰው። ይህ ለኩባንያው መልካም ማስታወቂያ እንዳልነበረ ግልጽ ነው። ነገር ግን ውሉ የተፈረመው ለዲክንስ ምቾት ሳይሆን ለፖስታው ከረጢት ነበር፤ ከረጢቱ ደግሞ በቀኑ ይደርስ ነበር። ኩባንያው ገንዘቡን ያዋለው በሞተሩ፥ በመርከቡ አካልና በመርከበኞቹ ሥነ ሥርዓት ላይ ነው። ካፒቴኖቹም ከሌላ መርከብ ጋር እንዳይሽቀዳደሙ፥ ከፍጥነት ይልቅ ደኅንነትን እንዲያስቀድሙ በጥብቅ ይታዘዙ ነበር።

የዚህ ሁሉ ፈተና የመጣው በ1843 ነው። ከአራቱ መርከቦች አንዲቱ ኮሎምቢያ በጁላይ ወር በጉም ውስጥ ስትጓዝ በኖቫ ስኮሺያ ጠረፍ አጠገብ ከዐለት ላይ ወጣች፤ ሳትነሣም በዚያው ቀረች። ተሳፋሪዎቹና መርከበኞቹ ሁሉ ዳኑ፤ ፖስታውም ዳነ። ኩባንያው ሂበርኒያ የተባለች አምስተኛ መርከብ በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ሥራ ላይ አውሏት ስለ ነበር ምልልሱ አልተቋረጠም። አስተማማኝ ነው የተባለው ኩባንያ አደጋ ደርሶበታል፤ መርከብ አጥቷል። ይሁን እንጂ የቦስተን ነጋዴ ደብዳቤውን በመቀበሉ በኩል የመርከቧ መጥፋት ብዙ አልታወቀውም።

ከዚያ በኋላ ባለው ብርድ፥ በፌብሩዋሪ 1844፥ የቦስተን ወደብ በበረዶ ተዘጋ፤ ብሪታንያም በውስጡ ታሠረች። የከተማው ነጋዴዎች መንግሥትን አልጠበቁም፤ ኩባንያውንም መቀጫ ክፈል አላሉም። ገንዘብ አዋጥተው፥ ሠራተኛ ቀጥረው፥ ሰባት ማይል ያህል ርዝመት ያለው ቦይ በበረዶው ውስጥ በመጋዝ አስቀደዱና መርከቧ ወደ ባሕር ወጣች። ከዚህ ድካማቸው ሥር ኩባንያው ወደቡን ወደ ኒው ዮርክ እንዳይለውጥባቸው የነበራቸው ስጋት እንዳለበት የታወቀ ነው። ቢሆንም ተጠቃሚው የአገልግሎት ሰጪውን ቀጠሮ ለማስከበር ከኪሱ ገንዘብ ማውጣቱ፥ ያ ቀጠሮ ለእርሱ ምን ያህል ዋጋ እንደ ነበረው ከማንኛውም የዋጋ ጥናት ይልቅ ያስረዳል።

በዚህ ጊዜ ውስጥ ተወዳዳሪዎቹ ምን ሆኑ? ሲሪየስን ተከራይቶ የመጀመሪያውን ጉዞ ያደረገው ኩባንያ ፕሬዚዳንት የተባለች ትልቅ መርከቡ በማርች 1841 ከኒው ዮርክ ተነሥታ 136 ሰዎች እንደ ያዘች ደብዛዋ ጠፋ፤ ኩባንያውም በዚያው ተበተነ። የግሬት ዌስተርን ባለቤቶች ደግሞ የመጀመሪያይቱን የመሰለች ሁለተኛ መርከብ ሠርተው ምልልሱን ከማጽናት ይልቅ በዓለም ተወዳዳሪ የሌላት የብረት መርከብ ለመሥራት ተነሡ። ግሬት ብሪትን የተባለችው ይህች መርከብ በ1843 ባሕር ላይ ወረደች፤ አትላንቲክን ለመጀመሪያ ጊዜ ያቋረጠችው በ1845 ነው፤ በ1846 ደግሞ በአየርላንድ ጠረፍ ከአሸዋ ላይ ወጥታ ወራት ቆየች፤ ኩባንያውም ከዚህ አላገገመም። በምህንድስና ታሪክ ግሬት ብሪትን ከኩናርድ አራት መርከቦች ሁሉ የላቀች ናት፤ ይህን ማንም አይክድም። አንድ ድንቅ መርከብ ያለው ሰው ግን ያችው ስትቆም አገልግሎቱ አብሮ ይቆማል።

የአሜሪካ መንግሥት የእንግሊዞቹን መሳካት አይቶ የራሱን የፖስታ መርከብ ማቋቋም ፈለገ። በ1847 ኤድዋርድ ኮሊንስ ለተባለ ስመ ጥር የባለ ሸራ መርከብ ነጋዴ ለሃያ ምልልስ በዓመት 385 ሺህ ዶላር ሊከፍለው ተዋዋለ። ከአገልግሎቱ ግን በተለይ የተፈለገው ኩናርድን በፍጥነት መቅደም ነበር። አትላንቲክ፥ ፓሲፊክ፥ አርክቲክና ባልቲክ የተባሉት የኮሊንስ መርከቦች በ1850 ሥራ ሲጀምሩ በእርግጥም ፈጣኖችና የተዋቡ ነበሩ። ከኩናርድ መርከቦች ቀድመው በመግባታቸው የአሜሪካ ጋዜጦች ደስታቸውን መቈጣጠር አቃታቸው። ዳሩ ግን ፍጥነቱ የተገኘው ሞተሮቹን ከልክ በላይ በማስጨነቅ ስለ ነበር በየምልልሱ መጨረሻ ብዙ እድሳት ያስፈልጋቸው ጀመር። የሚበሉት የድንጋይ ከሰልም ከታሰበው በላይ ሆነ።

ኮሊንስ ተጨማሪ ገንዘብ ለመጠየቅ በ1852 ባልቲክን በፖቶማክ ወንዝ አስወጥቶ በዋና ከተማው አጠገብ አቆማትና የምክር ቤቱን አባላት ግብዣ ጠራ። ግብዣውም ፍሬ ሰጠ፤ ክፍያው ለሃያ ስድስት ምልልስ ወደ 858 ሺህ ዶላር ከፍ አለ። ለአንዱ ምልልስ 19 ሺህ 250 ዶላር ይከፈል የነበረው 33 ሺህ ሆነ ማለት ነው። ጨረታ በግብዣ ሲታረም ይህ የመጀመሪያው አልነበረም፤ የመጨረሻውም አልሆነም። ሌላም አለ። በዚያን ጊዜ ያልታወቀ፥ ኋላ ግን ከሰነዶች እንደ ተገለጠው፥ ኮሊንስና ኩናርድ ገና ከ1850 ጀምሮ የማጓጓዣ ዋጋን በጋራ ለመወሰንና ገቢውን ለመከፋፈል በምስጢር ተስማምተው ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት ለውድድር ብሎ ሲከፍል ውድድሩ በዋጋ በኩል አስቀድሞ ታስሮ ነበር።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ ኮሊንስ ግን ያፈሰሰውን አልለቀመውም። ሴፕቴምበር 27 ቀን 1854 አርክቲክ በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ አካባቢ በጉም ውስጥ ፍጥነቷን ሳትቀንስ ስትገሰግስ ቬስታ ከተባለች ትንሽ የፈረንሳይ መርከብ ጋር ተጋጨች። የነፍስ ማዳኛ ጀልባዎቿ በውስጧ ከነበሩት ሰዎች ግማሹን እንኳ የሚይዙ አልነበሩም። ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከሴቶቹና ከሕፃናቱ አንድ ስንኳ አልዳነም። ከሟቾቹም መካከል የኮሊንስ ሚስትና ሁለት ልጆቹ ይገኙበታል። በጃንዋሪ 1856 ደግሞ ፓሲፊክ ከሊቨርፑል ተነሥታ ሳትደርስ ቀረች። ምክር ቤቱ ድጎማውን ወደ ቀድሞው መጠን መለሰው፤ ድርጅቱም በ1858 ፈረሰ። የአሜሪካ መንግሥት ርካሽ ገዛ ተብሎ አይወቀስም። ብዙ ገንዘብ ከፍሏል፤ ዳሩ ግን ገንዘቡ የተከፈለው ለፍጥነት ነበር።

እስካሁን የተነገረው ታሪክ «ስለዚህ ዋጋን ተዉት፤ የታመነውን ምረጡ» ለሚል ሰው የሚመች ይመስላል። ነገሩ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ለዚህም የዚያችው የአሜሪካ የየብስ ፖስታ ታሪክ ምስክር ነው።

በአሜሪካ ፖስታን በየብስ የሚያመላልሱት ኮንትራክተሮች ለረጅም ጊዜ ባለ ሠረገላ ኩባንያዎች ነበሩ። አስተማማኝ ናቸው በሚል ምክንያት ውሉ ከእጃቸው ሳይወጣ እየታደሰ፥ ፖስታው የመንገደኛ ሠረገላቸው መደጎሚያ ሆኖ ቆየ። በማርች 3 ቀን 1845 የወጣው ሕግ ይህን ለመስበር የታሰበ ነበር። ሕጉ ውሉ በቂ ዋስትና ላቀረበ ዝቅተኛ ተጫራች እንዲሰጥ፥ የማመላለሻው ዓይነት ሠረገላም ይሁን ፈረስ ግምት ውስጥ እንዳይገባ አዘዘ። ከአጓጓዡ የሚጠበቀው ተገቢው ፍጥነት፥ እርግጠኝነትና ደኅንነት ብቻ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊዎች እነዚህን ሦስት ቃላት በየመዝገቡ መጻፍ ቢሰለቻቸው በምትካቸው ሦስት ኮከቦች ያደርጉ ጀመር፤ መንገዶቹም ከዚያ ወዲህ «የኮከብ መንገዶች» ተባሉ። ቃላቱ በምልክት መተካታቸውን ሳስብ ፈገግ እላለሁ። በዛሬው የጨረታ ሰነዳችን ውስጥም «ሥራው በጥራትና በወቅቱ ይጠናቀቃል» የሚለው አንቀጽ በአብዛኛው የሚያገለግለው እንደ እነዚያ ኮከቦች ነው።

ሕጉ በመጀመሪያ መልካም ሥራ ሠራ፤ የመንግሥት ወጪ ቀነሰ፤ የጥቂቶች ይዞታም ተሰበረ። በ1870ዎቹ ግን ብልሃተኞች መላውን አገኙት። ሰው በማይበዛበት በምዕራቡ ክፍለ አገር ላለ መንገድ፥ በሳምንት አንድ ጊዜ በዝግታ ለማድረስ፥ ማንም የማይደርስበት ዝቅተኛ ዋጋ ያቀርባሉ፤ ያሸንፋሉ። ውሉ ከተፈረመ በኋላ ከአካባቢው ሰው ፊርማ አሰባስበው «ፖስታችን ይፍጠንልን፤ ቀኑም ይብዛልን» የሚል አቤቱታ ያስገባሉ። ከዚያም ለተጨማሪው ሥራ ያስፈልጋል የሚሉትን የሰውና የፈረስ ቁጥር በመሐላ ያቀርባሉ፤ ክፍያውም በዚያው ልክ ይባዛል። ለተጨማሪው ሥራ ጨረታ አይወጣም። ፈቃዱን የሚሰጠው የፖስታ ሚኒስትሩ ሁለተኛ ረዳት ቶማስ ብሬዲ ነበር። በ1881 ነገሩ ሲጋለጥ ብሬዲ ሥራውን ለቀቀ፤ የቀድሞው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል ስቲቨን ዶርሲም ከእርሱ ጋር ተከሰሰ። በ1882 እና በ1883 ሁለት ጊዜ ተዳኝተው በመጨረሻ በነፃ ተለቀቁ።

ልብ እንበል፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ የጨረታው ሕግ አልተጣሰም። ያሸነፈው ዝቅተኛው ነበር። ሕጉ የጠበቀው በሩን ነበር፤ ዘራፊዎቹ የገቡት ግን በማሻሻያ ውል መስኮት ነው። በአገራችን የግንባታም ሆነ የአገልግሎት ውል ያስፈጸመ ሰው ዝቅተኛ ዋጋ አቅርቦ «በተጨማሪ ሥራ» የሚያካክስ ተቋራጭ አላጋጠመኝም ቢል አላምነውም።

አሁን ወደ ግሬት ዌስተርን አቤቱታ ልመለስ። ከኮከብ መንገዶች ታሪክ አንጻር ካየነው የኩናርድም ውል ከነቀፋ ነፃ አይደለም። የጨረታው ጊዜ ካለፈ በኋላ የመጣ ሰው ከወዳጁ ሹም ጋር ተነጋግሮ ወሰደው፤ ከፈረመም በኋላ ዋጋው ከፍ አለ። ከብሬዲ ውሎች የሚለየው ምኑ ላይ ነው? የእንግሊዝ ምክር ቤት በ1846 ጉዳዩን መርምሮ የአድሚራልቲውን ውሳኔ አጸናው፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ የኩናርድ መርከቦች ለስድስት ዓመት በቀናቸው ሲመላለሱ ስለ ቆዩ መርማሪዎቹ ከዚህ ሌላ ቢወስኑ ነበር የሚያስደንቀው። በ1839 የነበረው ፍርድ ትክክል መሆኑ የታወቀው በኋላ በሆነው ነገር ነው። ኮሚቴ ደግሞ ኋላ የሚሆነውን አስቀድሞ ለማየት አይታደልም።

እኔ ልዩነቱን የማየው በተጨመረው ገንዘብ አጠቃቀም ነው። ለኩናርድ የተጨመረው ገንዘብ በዓይን የሚታይ ነገር ሆኗል፤ የለቀቁ መርከቦችና ተጠባባቂ የሆነች አራተኛ መርከብ ተገኝተዋል። መርከብ በቀኑ ካልተነሣችም መቀጫ የሚያስከፍል ውል ነበር። ለብሬዲ ሰዎች የተጨመረው ግን በመሐላ ወረቀት ላይ ብቻ ያሉ ፈረሶች ሆኖ ቀርቷል። ስለዚህ ከፍ ያለ ዋጋ ያቀረበን ተጫራች «የታመነ ነው» ብሎ የሚከራከር የኮሚቴ አባል ብልጫው የት እንደ ተቀመጠ በጣቱ ሊያሳይ ይገባዋል፤ ተጠባባቂው መሣሪያ የትኛው ነው? አንዱ ቢሰበር ማን ይተካል? ሥራው ለዘገየበት ቀን ምን ያህል ይከፈላል? ይህን ማሳየት ካልቻለ «የታመነ» የሚለው ቃል ከወዳጅነት የማይለይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የዝቅተኛውን ዋጋ ደንብ ያወጡ ሰዎችም ያለ ምክንያት አላወጡትም። ዝቅተኛውን ዋጋ ይዞ የሚከራከረውም በበኩሉ ተመሳሳይ ጥያቄ አለበት፤ ይህ ሰው በዚህ ዋጋ ከሰሉን ከየት አምጥቶ ነው ወደብ የሚደርሰው?

ውሉን ያጣችው ግሬት ዌስተርን መርከብ ለባለቤቶቿ በስምንት ዓመት ውስጥ አትላንቲክን ብዙ ጊዜ አቋርጣለች፤ በጥንካሬዋም ማንም አልተጠራጠራትም። ኩባንያዋ ከተዳከመ በኋላ በ1847 የገዛት ወደ ምዕራብ ህንድ ደሴቶች የእንግሊዝ መንግሥትን ፖስታ ለማድረስ ውል የነበረው፥ ሮያል ሜይል የተባለው የእንፋሎት መርከብ ኩባንያ ነው። አድሚራልቲው ውድቅ ያደረጋት መርከብ በዚህ ኩባንያ የመርከብ ጓድ ውስጥ ከሌሎች ጋር ተሰልፋ የፖስታውን ከረጢት ለዓመታት አመላለሰች፤ በክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ወታደር አጓጓዘች፤ በ1856ም ተፈታ ለእንጨትና ለብረት ተሸጠች።